ማስተርሱስ ይሁን፤ መሬቱ የማን ነው?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደርን በማስተርስ ያስተምራል። ደግ! ቅየሳውን፣ ምዝገባውን፣ ግምቱን ይማሩ። እኛ የቀየት ሰዎች ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ ተመራቂው ወረዳ ሲመደብ የሚያስተዳድረው የማንን መሬት ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 «የመንግሥትና የሕዝብ» ይላል። ገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጥቶታል፤ ደብተሩ ግን ባለቤት አያደርገውም፣ መሸጥም አያስችለውም።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲደለደል «ቢሮክራት» እና «ቅሪት ፊውዳል» የተባለው ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ያኔ የጎደለው የቀያሽ እውቀት ነበር እንዴ? ገመዱማ ይለካ ነበር! የጎደለው ገበሬውን የሚሰማ ነው።

እውቀት ከተባለ እዚያው መንዝ ጓሳ አለላችሁ። የአስቦና የጌራ ልጆች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ቀን ቆርጠው ከፍተው፣ ያለ ጊዜው ያጨደውን ቀጥተው ኖረዋል። ማን ዲግሪ ሰጣቸው? ያን ሥርዓት የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አፈረሰው፤ ጓሳው ግን ዛሬም አለ፣ ሕዝቡ አልተወውም።

እናም ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከዚያ ይጀምሩ። ሽማግሌውን ይጠይቁ፣ የወረዳ ፍርድ ቤቱን የድንበር ክርክር መዝገብ ያገላብጡ። ያገኙትንም ለመምህራኑ ብቻ ሳይሆን ለባለሥልጣኑም ያንብቡለት፤ ከሰማ!