ጮቄ ወጥተን ፓስታ በላን

ነገሩ የሆነው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። ጮቄን አይተን የተመለስን አምስት ጓደኛሞች፣ ጣታችን በብርድ ደንዝዞ፣ አንጀታችን ታጥፎ፣ ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ አንድ ሆቴል ገባን። ስሙን አንጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። ሜኑ መጣ። ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ሩዝ በአትክልት፣ ክለብ ሳንዱች፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ጥብስ። ከመሃላችን አንዷ «ወንድም፣ የገብስ ቅንጬ ወይም ገንፎ አይገኝም?» ብትለው አስተናጋጁ ፈገግ አለና «እሱማ የቤት ምግብ ነው» አላት።

ፓስታ በላን።

ያቺ መልስ ግን እስከ ዛሬ ትከነክነናለች። በአገራችን እኮ ለእንግዳ የሚቀርበው የቤት ምርጡ ነው። ታዲያ «የቤት ምግብ» መቼ ነው ከእንግዳ የሚደበቅ ነገር የሆነው?

የዚያን ዕለት ጠዋት ከተራራው ሥር ባለ መንደር ስናልፍ አንዲት እናት ጠርተው አስገብተውን ነበር። ምድጃ ዳር አስቀመጡን። በረመጥ የተጠበሰ ድንች በሚጥሚጣ፣ የገብስ እንጀራ በእርጎ፣ ከዚያ የቆሎ ቁና። «በሞቴ ብሉ ልጆቼ! የገጠር ምግብ ነው፣ ምን ይደረግ» እያሉ ደጋግመው ይቅርታ ጠየቁን። እኛ ደግሞ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠን ምግብ ትዝ አይለንም። እንግዲህ ልብ በሉ፦ እሳቸውም አፈሩበት፣ የከተማው አስተናጋጅም አፈረበት። ጮቄ የሚያበቅለውን ሁለቱም ከእንግዳ ሊደብቁት ሞከሩ።

አሁን ወደ ሌላ ተራራ እንሂድ። ከአምስታችን አንዱ ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ከተማ ተምሮ የመጣ ነው። አንድ ክረምት የክፍል ጓደኞቹ ይዘውት ወደ አንድ የበረዶ ሸርተቴ መንደር ወጡ። (መንሸራተቱን ተዉት፤ እሱ የሮቤል ተክለማርያም ሥራ ነው። ሮቤል በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የኛው ልጅ ግን አብዛኛውን ቀን በቂጡ ነው የዋለው።) ማታ ቢስትሮ ገቡ። ቢስትሮ ማለት ፈረንሳዮች ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት የሚያስተዳድሩትን ምግብ ቤት የሚጠሩበት ስም ነው። የዕለቱ ምግብ ግድግዳ ላይ በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጻፋል፤ ገበያ ላይ የተገኘው ነው የሚበስለው። ጓደኛችን በልቡ ስንት ዓይነት የፈረንሳይ ጥበብ ሲጠብቅ የቀረበለት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ድንች! ድንች፣ ሽንኩርት፣ ትንሽ የአሳማ ሥጋ፣ ከላዩ የቀለጠ አይብ። ሒሳቡ ሲመጣ በዚያ ብር ደብረ ማርቆስ ገበያ ስንት ማዳበሪያ ድንች እንደሚገዛ አስልቶ ሊታመም ደርሶ ነበር።

ምግቡ ታርቲፍሌት ይባላል። ብዙ ሰው ከጥንት የወረደ ይመስለዋል፤ ሥሩ የገበሬ ምግብ ቢሆንም በዚህ ስሙ የታወቀው ግን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያስተዋወቁትም ሮብሎሾን የተባለው አይብ አምራቾች ናቸው። አይቡን የበለጠ ለመሸጥ ፈለጉ፣ ሸጡም። የአይቡ ታሪክ ደግሞ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይሆንም። እንደሚነገረው በመካከለኛው ዘመን የሳቮይ ተራራ ጭሰኛ ለባለርስቱ የሚከፍለው በወተቱ ልክ ነበር። እናም ሰፋሪው ሲመጣ ላሟን ሙሉ በሙሉ አያልባትም። ሰውዬው ዞር ሲል ተመልሶ ያልባታል፤ ከዚያ ከሁለተኛው ወፍራም ወተት ነው አይቡ የሚሠራው። ግብር ሲበዛበት ገበሬ ምን እንደሚያደርግ በ1960 ዓ.ም. በግብር ምክንያት ያመፀው የጎጃም ገበሬ ይነግራችኋል። ከላም ጡት የተሰረቀው አይብ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከዚያ አካባቢ ውጭ የተሠራ አይብ ሮብሎሾን ነኝ ማለት አይችልም። ትናንት የደሃ ምግብ የነበረው ዛሬ ሀብታም በበረዶ ወጥቶ የሚበላው ሆነ። ያ የሆነው የተራራው ሰው በምግቡ ማፈሩን ስለተወ ነው።

«እነሱ እነሱ ናቸው፤ እኛና እነሱ ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኝ ወረቀት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የዓመቱን ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ሲያስታውቅ ከ32ቱ አንዱ የኛው የጮቄ ተራሮች መንደር ነበር። በዚያው ዝርዝር ውስጥ የስዊዘርላንዱ አንደርማት አለ፤ የታወቀ የበረዶ ሸርተቴ መንደር። አንደርማት አጠገብ ካሉት ተራሮች የራይን ወንዝ ይነሳል፤ ከጮቄ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ሌሎችም ወርደው አባይን ይሞሉታል። ሁለቱም የውኃ ማማ ናቸው። አንደርማት ግን ኑሮው የተመሠረተው በጦር ሠራዊት ላይ ስለነበር ወታደሩ ሲቀነስ መንደሩ ደርቆ ነበር። መልሶ ወደ ቅንጡ መዝናኛ የለወጠው ባለሀብት ማን መሰላችሁ? ሳሚህ ሳዊሪስ፣ ግብፃዊ! እኛ ውኃውን እንልካለን፣ የግብፅ ሰው ገንዘቡን ሌላ ተራራ ላይ ያፈሳል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ አይደል?

ቀልዱን እንተወውና ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። ገበሬው ገብስ፣ ድንችና እንግዶ እያመረተ፣ መሬት ሲጠበው ወደ ላይ እያረሰ ጅባራውና አስታው ድረስ ደርሷል። ቁልቁለት ሲታረስ አፈሩ በክረምት ይሄዳል፤ አፈሩ ሲሄድ ምርቱ ያንሳል፤ ምርቱ ሲያንስ ደግሞ ሌላ ቁልቁለት ይታረሳል። ይህን አዙሪት በስብሰባና በፖስተር ብቻ ማቆም አይቻልም። ገበሬው ካለው መሬት የተሻለ ገንዘብ ማግኘት አለበት። እንግዳ ከሩቅ መጥቶ ተራራውን ካየ በኋላ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ፓስታና የቆርቆሮ ቲማቲም ከበላ፣ ለጮቄ የተረፈው የጫማ ዱካ ብቻ ነው። ያ እንግዳ ቅንጬ በቅቤ፣ የገብስ ገንፎ፣ የረመጥ ድንች ቢበላና በደንብ ቢከፍል ግን ብሩ ወደ ማሳው ይመለሳል።

ሁለት ተቃውሞ ይመጣብናል፤ ሁለቱንም እናውቃቸዋለን።

አንደኛው «ፓስታ መብላት ወንጀል ነው እንዴ?» የሚለው ነው። አይደለም። ፓስታ ዛሬ አገሩን የለመደ ዜጋ ነው። ድንቹም ቢሆን እንግዳ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደሆነ ይጻፋል። ፈረንሳዮችም ድንቹን ያገኙት ከባሕር ማዶ ነው። ጥያቄው ምግቡ ከየት መጣ ሳይሆን ዛሬ ማን ያመርተዋል ነው። ፓስታው ሜኑ ላይ ይቆይ፤ ገንፎውም አጠገቡ ይጻፍ።

ሁለተኛው ይከብዳል። «ገበሬው ራሱ ገብስ ሰልችቶታል፤ እናንተ የከተማ ልጆች ድህነትን አታሽሞንሙኑ» ይላል። እውነት አለው። እኛ አንድ ቀን የቀመስነውን እናትየዋ ዕድሜ ልካቸውን በልተውታል። ግን የምንለው እሳቸው ገብስ እየበሉ ይኑሩ አይደለም። ገብሱን በጥሩ ዋጋ ሽጠው ያሻቸውን ይብሉ ነው፤ ከፈለጉ ፓስታ! የአውሮፓውን ጉድለትም አንደብቅም። በብዙ የሸርተቴ መንደሮች የቤት ዋጋ ሰማይ ነክቶ የመንደሩ ተወላጅ ልጆች ተገፍተው ወጥተዋል። ስለዚህ የሚኮረጀውን መርጦ መኮረጅ ነው፤ ሰሌዳውን እንጂ ቪላውን አይደለም።

ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ባለሆቴሎች የምንለው ከባድ ነገር የለውም። በር ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ስቀሉ። «ዛሬ ከጮቄ» ብላችሁ አንድ ምግብ ብቻ ጻፉ፤ ገብሱ ወይም ድንቹ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ጨምሩበት። ለጾም ቀን በሶና ድንች አለ፣ ለፍስክ ገንፎ በቅቤና እርጎ አለ። ለማብሰሉ ደግሞ ከከተማ የሼፍ ኮፍያ ያደረገ ሰው ከማምጣት ከተራራው ሥር ካሉት እናቶች አንዷን በደሞዝ ጥሩ። ሙያው ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። አስተናጋጁንም አስተምሩት፤ «የቤት ምግብ ነው» የሚለውን ይቀጥል፣ ግን ደረቱን ነፍቶ ይበለው።

ይህን ስንጽፍ የሚያሳዝነንን ሳንናገር አንጨርስም። ዕውቅናው በመጣ በስምንት ወር ገደማ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። ሊመጣ የነበረው እንግዳ ቀረ። ጥይት በሚጮህበት አገር ስለ ሜኑ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ እኛም መጻፍ አለመጻፋችንን ብዙ ተከራክረንበታል። በመጨረሻ የጻፍነው ስለዚያች ምድጃ ብለን ነው። ሰላም ሲመጣ እንግዳ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ምን እንደምናቀርብለት ከአሁኑ ካላሰብን ያው ፓስታ ይጠብቀዋል።

እናታችን፣ ያሉበት ሰላም ይሁን። እንደገና የመጣን ቀን ይቅርታ እንዳይጠይቁን። ሒሳቡን ብቻ ይንገሩን።