እንዚራውን ማን ሰረቀው?

አባቴ በዐቢይ ጾም በገና ይደረድሩ ነበር። ባለሙያ አልነበሩም፤ ቀን መዝገብ ቤት ሲጽፉ የሚውሉ፣ ማታ ግድግዳ ተደግፈው ከፈጣሪያቸው ጋር የሚነጋገሩ ሰው ነበሩ። በ1973 ዓ.ም. አንድ የሁዳዴ ምሽት ታላቅ ወንድሜ ቴፑን በጋቢ ሸፍኖ ቀዳቸው። ያቺ ካሴት ናት የቀረችን። ሙት ዓመታቸው በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚያዳምጠው እሷኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ካሴቷ መልፈስፈስ ስትጀምር ደነገጥኩና ወደ አንድ ሙዚቃ ቤት ወሰድኳት። «ወደ ሲዲ ገልብጠን፣ ማስተር አድርገን እንሰጥዎታለን» አለኝ ልጁ። ትሑት ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ተቀበልኩ። እቤት አስገብቼ ሳጫውተው ድምፁ ቤቱን ሞላው። የካሴቱ ሽሽታ የለም። የውሻ ጩኸት የለም። ዳሩ ግን በገናውም የለም! የሚሰማው አንድ የላስቲክ ገመድ ዱብ ዱብ ሲል ነው።

በገናን በገና የሚያሰኘው፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት፤ እንዚራ ይሏታል። አውታሩ ሲነካ ከቆዳዋ ጋር እየተፋተገ ያን ንብ የመሰለ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ እምም የሚል ድምፅ ያወጣል። እንግዲህ የልጁ ሶፍትዌር ይህን «ብልሽት» ነው ብሎ ጠርጎታል። ተመልሼ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ጩኸቱን እኮ ነው ያጸዳሁልዎት!» አለኝ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ነበሩኝ። የደራሲውን የአነጋገር ለዛ «ስሕተት ነው» ብለው በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙ። ምንም ክፋት የለባቸውም። የጎደላቸው መሣሪያ ሳይሆን ማድመጥ ነበር።

ልጁን አልተቆጣሁም። የተቆጣሁት ኮምፒዩተሩን ሳየው ነው። በሺዎች ዶላር የሚሸጥ የስቱዲዮ ፕሮግራም ተጭኖበታል። «ስንት ገዛኸው?» አልኩት። ሳቀ። «ጋሼ ደግሞ፣ ክራክ ነው እንጂ ማን ይገዛል!» ከጀርባው ግድግዳው ላይ በትልቁ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ፦ ሙዚቃን ያለ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስቀጣል። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ አይደል?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእህቴ ልጅ ጊታር ይጫወታል፤ እቤቱ እየቀዳ ለጓደኞቹ ይሰጣል። ሰሞኑን «ጋሼ፣ ለማስተርና ሲዲ ለመጻፍ ርካሹ ሶፍትዌር የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ደግሞ መልሱን አስቀድመው ነግረውታል፦ «ርካሹማ የተሰረቀው ነው!»

እኔ የምለው፣ የተሰረቀው ከሁሉም ውዱ ነው። ስብከት እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳብ ነው። ክራኩን ለመጫን መጀመሪያ የሚጠይቅህ ምንድን ነው? አንቲቫይረስህን እንድታጠፋ! የቤትህን ዘበኛ አሰናብተህ ለማታውቀው ሰው በር ትከፍታለህ ማለት ነው። የሁለት ዓመት ቅጂህን ቫይረስ ሲበላው ለማን ትከሳለህ? ፕሮግራሙ ሥራህ መሐል ቀጥ ሲል ማንን ትጠይቃለህ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቃውን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ዘፋኙ «አልበሜን ገልብጠው ገደሉኝ» ብሎ ሲያለቅስ አብሬው አለቅሳለሁ፤ እውነቱን ነው። ግን ያን አልበም በሰረቀው ፕሮግራም ሠርቶት ከሆነ እንባው ግማሽ እንባ ነው። የራሱን ላብ ያስከብር ዘንድ የሌላውንም ላብ ማክበር አለበት።

«ተወን እስቲ! ዶላሩን ከየት እናምጣ? በካርድ ከውጭ መግዛትስ ለስንቱ ተፈቅዷል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የአንድ ወር ደሞዙን አውጥቶ ሶፍትዌር ይግዛ የሚል ካለ እሱ ሰው አያውቅም። ይህ ክርክር የሚያሸንፈው ግን በመስረቅና በመግዛት መካከል ሌላ መንገድ ከሌለ ነው። መንገዱ አለ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ኦዳሲቲ የሚባል ፕሮግራም አለ። አሜሪካ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጸንሶ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ ወጣ። ነጻ ነው። ነጻ ስል ባለቤቶቹ ራሳቸው «ውሰዱ፣ ቅዱ፣ ለጓደኛችሁም ስጡ» ብለው በፈቃድ የሰጡት ነው። ካሴት ለመገልበጥ፣ ለመቁረጥ፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው። የእህቴ ልጅ ብዙ መሣሪያ ደራርቦ መቅዳት ካማረው ደግሞ ሪፐር የሚሉት አለ፤ ለግል ተጠቃሚና ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፤ ከመክፈሉ በፊትም 60 ቀን ሙሉውን ይሞክረዋል። ሦስትና አራት ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አንዱ ቤት ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢሠሩበት ከአንድ ሰርግ መዋጮ አይበልጥም።

ኦዳሲቲ ሲዲ አይጽፍም። ሥራህን በዌቭ ፋይል ታወጣለህ፤ 44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ። የሙዚቃ ሲዲ ልኩ ይኸው ነው። መጻፊያውም ነጻ ነው፦ በዊንዶውስ ኢምግበርን፣ በሊኑክስ ኬስሪቢ ወይም ብራሴሮ። በአፕል ኮምፒዩተር ደግሞ አብሮት የሚመጣው የሙዚቃ ፕሮግራም ራሱ ይጽፋል። ሲዲው የሚይዘው 80 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ የዘጠና ደቂቃ ካሴት በአንድ ሲዲ እገባለሁ ብሎ አይሟገት። ሳይቋረጥ የሚሄድ መዝሙር ወይም ድርድር ከሆነ፣ ዲስኩን በአንድ ጊዜ የሚጽፈውን ምርጫ ውሰዱ፤ ያለዚያ በየመሐሉ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይገባና ጸሎቱን ይቆራርጠዋል። ከኤምፒስሪ ላይ ሲዲ መጻፍ ደግሞ የተጨመቀ ሎሚ እንደገና መጭመቅ ነው፤ ኤምፒስሪው ሲሠራ የተጣለው ድምፅ ሲዲ ላይ ስለተጻፈ አይመለስም።

ማስተር ማድረግ የሚሉትንም ነገር አንድ ልበል። ብዙዎቻችን ማስተር ማለት ማስጮህ ይመስለናል። ዝቅ ያለውን እየገፉ፣ ከፍ ያለውን እየደፈጠጡ ሁሉንም አንድ ከፍታ ላይ መስቀል። የሰው ልጅ እኮ እንደዚያ አይናገርም! ያንሾካሹካል፣ ይጮኻል፣ ዝም ይላል። ዘፈን ትንፋሽ ከሌለው የገበያ ድምፅ ማጉያ ነው። ደግሞ ጩኸቱ ጥቅም የለውም፤ ዩቲዩብም ሆነ ስፖቲፋይ ከልክ በላይ የጮኸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል። የሚቀረው የተደፈጠጠው ነው። ስትቀዱም መርፌዋ ዜሮን እንዳታልፍ ቦታ ተዉላት። ካሴት ጥቂት ሲበዛበት ይታገሣል፤ ዲጂታል አይታገሥም፣ የተቆረጠው ተቆረጠ።

ሽሽታ ማጥፊያውስ? ኦዳሲቲም አለው። መጀመሪያ ዘፈን የሌለበትን፣ ሽሽታው ብቻ የሚሰማበትን ቦታ ታሳየዋለህ፤ እሱም ያንን የመሰለውን ሁሉ ይቀንሳል። እስከ ጥግ ከገፋኸው እንዚራውንም፣ የማሲንቆውን የጭራ ፍትጊያም፣ የዋሽንቱን ትንፋሽም ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው ትንሽ ሽሽታ መታገሥ የሚሻለው። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በሺህ ዶላር ተገዛ፣ ተሰረቀ፣ በነጻ ተገኘ፣ በገና ሰምቶ የማያውቅ ጆሮ እጅ ከገባ ውጤቱ አንድ ነው። ድህነታችንን በሶፍትዌር ዋጋ እያመካኘን ጆሮአችንን ሳናሠለጥን ቀረን!

ለሙዚቃ ቤቶቹም አንድ ነገር አለኝ። ደንበኛ ካሴት ሲያመጣላችሁ ሁለት ቅጂ ስጡት፤ አንዱ ምንም ያልተነካ፣ አንዱ ያሳመራችሁት። ያልተነካውን መስጠት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሰው ታሪክ ግን ያድናል። እናንተም ባለ ካሴቶች፣ ያልተነካውን ሳትቀበሉ ሒሳብ አትክፈሉ።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ የእናታቸውን የለቅሶ እንጉርጉሮ እንዲሁ አስገልብጠው፣ «በሲዲ ገብቷል» ብለው ካሴቱን ከቆሻሻ ጋር ጣሉት። ሲዲው ሁለት ዓመት ሳይሞላው መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ መንተባተብ ጀመረ። እቤት የሚጻፍ ሲዲ ቀለም ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ይበላዋል። ዛሬ ሴትየዋ የእናታቸውን ድምፅ በሐሳባቸው ነው የሚሰሙት። የእናታቸው ድምፅ ሁለት ጊዜ ተቀበረ። እባካችሁ ካሴቱን አትጣሉ፤ ፋይሉንም ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱን ከቤታችሁ ውጭ።

የእኔ ካሴት እንደ ዕድል ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ከሰፈር ቴፕ ጠጋኝ የተዋሰውን ማጫወቻ ይዞ መጣ፤ አንድ ገመድ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ኦዳሲቲ። የሶፍትዌሩ ወጪ ዜሮ ብር። ሽሽታውን ለመቀነስ እጁን ሲሰነዝር «ተወው» አልኩት። ሽሽታው አለ፤ በመሐል ውሻ ይጮኻል፤ እናቴ ከጓዳ «በሩን ዝጉ!» ስትል ይሰማል። ከዚያ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ፤ እንዚራውም እምም አለ።

የእህቴ ልጅ አያቱን አያውቃቸውም፤ ሲሞቱ አልተወለደም። ሄድፎኑን አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄ ማስተር አያስፈልገውም» አለኝ።