የራሰ ስልክ፣ የደረቀ ኪስ

ክረምት በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ የሞባይል ጥገና ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ዝናብ ኪስ ድረስ ዘልቆ ያራሰው፣ ከልብስ ጋር ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈው፣ ሽንት ቤት የወደቀው፣ ሻይ የተደፋበት ስልክ ሁሉ ከመርካቶ እስከ መገናኛ በጠባብ ባንኮኒዎች ላይ ይደረደራል። ከባንኮኒው ማዶ የሚነሳው ጥያቄም አንድ ነው፤ “ይድናል?” የሚል።

ይህ ለነጋዴው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስልክ ደግሞ ከሞላ ጎደል የውጭ ምንዛሪ ውጤት ነው። አገር ውስጥ የሚገጣጠመውም ቢሆን ስክሪኑና ቦርዱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ቀድሞ “ሌላ ይገዛል” ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጣል የነበረው የራሰ ስልክ ዛሬ እንዲድን የሚፈለገው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙ ነጋዴ ካዝናም፣ የሒሳብ መዝገብም፣ የደንበኛ ማውጫም ሆኗል። ስልኩ ሁለት ቀን ሲዘጋ ሱቁም በከፊል ይዘጋል።

በዚህ ገበያ ግን ሁለት ዓይነት ኪሳራ ተቀላቅሎ ይታያል። አንደኛው ከችኮላ የሚመጣ ሲሆን የሚጎዳው የስልኩን ባለቤት ነው። ሁለተኛው ከዝምታ የሚመጣ ሲሆን የሚጎዳው ያገለገለ ስልክ የሚሸጥበትን ገበያ በሙሉ ነው። የመጀመሪያው በጥቂት ደቂቃ ጥንቃቄ ይቀራል። ሁለተኛው እንዲቀር ጠጋኙ፣ ነጋዴውና ደላላው ልማዳቸውን መለወጥ ይኖርባቸዋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ ነው። የቧንቧ፣ የዝናብና የጎርፍ ውሃ ግን ጨውና አቧራ የተቀላቀለበት ስለሆነ ያስተላልፋል። በስልክ ቦርድ ላይ ያሉት የብረት ነጥቦች ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት የተቀራረቡ ናቸው። ስልኩ በርቶ ሳለ ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ኤሌክትሪኩ በማይገባው መንገድ ይሄዳል። ጠጋኞች “ሾርት አደረገ” የሚሉት ይህንኑ ነው። ሾርት ባያደርግ እንኳ ኤሌክትሪኩ የአንዱን ነጥብ ብረት እያሟሟ ይበላዋል። ቦርዱ ሲከፈት የሚታየው አረንጓዴና ነጭ ዝገት የዚህ ውጤት ነው።

እንግዲህ አደገኛው ነገር ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ላይ መገናኘታቸው ነው። አብዛኛው ባለቤት ግን ስልኩን ከውሃ እንዳወጣ መሥራቱን ለማየት ያበራዋል፤ ካልበራለትም ቻርጀር ላይ ይሰካዋል። ሊድን ይችል የነበረው ስልክ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ገንዘብ አይጠይቅም። ቻርጀር ላይ የነበረ ከሆነ አስቀድሞ ከግድግዳው ሶኬት መንቀል፤ ከዚያም ስልኩን ማጥፋት፣ ጠፍቶ ከሆነም አለማብራት ነው። ሽፋኑ፣ ሲም ካርዱና ሜሞሪ ካርዱ ይወጣሉ። ባትሪው የሚነቀል ዓይነት ከሆነ እሱም ይነቀላል። ስልኩ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ የቻርጅ ቀዳዳው ወደ ታች ዞሮ፣ በመዳፍ ላይ ቀስ ተደርጎ መታ መታ ይደረጋል። ቀጥሎ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። አፕል የቻርጅ ቀዳዳው ለረጠበበት ደንበኛ በሚሰጠው መመሪያ፣ እንደገና ቻርጅ ለማድረግ ከመሞከር በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ እንደሚገባ፣ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅም እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ይገልጻል። ሲም ካርዱ በቀላሉ የሚበላሽ አይደለም፤ ተጠርጎ ሌላ ስልክ ውስጥ ከገባ ሥራ አይቋረጥም።

በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ፣ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ቀዳዳው ውስጥ በአፍ መንፋት ወይም ጥጥ መጎስጎስ ጉዳቱ ያመዝናል። ሙቀት ባትሪውንና የስልኩን ማሸጊያ ሙጫ ይጎዳል። መንፋት ደግሞ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ባትሪው ያበጠ ስልክ ከሆነ ስለ ማዳን ማሰቡ ቀርቶ ከሚቀጣጠል ነገር አርቆ ለባለሙያ ማስረከብ ይሻላል።

ሩዝ ምን ያድናል?

የራሰ ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር የተለመደ ዘዴ ሆኗል። አፕል ግን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መነጋገሪያ በሆነው መመሪያው ስልክን ሩዝ ከረጢት ውስጥ ማስገባት እንደማይገባ፣ ትናንሽ የሩዝ ቅንጣቶች ስልኩን ሊጎዱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ሩዝ ከቦርዱ ሥር የተደበቀውን ውሃ ስቦ የማውጣት አቅም የለውም። ነፋስ በሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ከዚያ ባላነሰ ይደርቃል። የሩዝ ትልቁ ጥፋት ግን ጊዜ ማባከኑ ነው። ባለቤቱ “ሩዝ ውስጥ ነው” ብሎ ሁለትና ሦስት ቀን ሲጠብቅ ዝገቱ ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

“ደረቀ” እና “ዳነ” አንድ አለመሆናቸውም መታወቅ አለበት። ውሃው ሲተን ጨውና ቆሻሻው ቦርዱ ላይ ይቀራል። የተደፋው ስኳር ያለበት ሻይ ወይም ለስላሳ ከሆነ፣ ወይም ስልኩ የወደቀው እንደ ሻላና አብያታ ባሉ ጨዋማ ሐይቆች ከሆነ የሚቀረው ዝቃጭ ይብሳል። ይህ ቅሪት ከአየር እርጥበት እየሳበ መዛገቱ ይቀጥላል። በማግሥቱ “ተመስገን፣ ሠራ” የተባለለት ስልክ ከሳምንታት በኋላ ቻርጅ አልቀበል የሚለው ወይም ድምፁ የሚጠፋው በዚህ የተነሳ ነው።

ደህና ጠጋኝ የራሰውን ስልክ በሰዓታት ውስጥ ከፍቶ አስቀድሞ ባትሪውን ከቦርዱ ያላቅቃል። ቦርዱን ንጹሕነቱ ከፍ ባለ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጥባል፤ አልኮሉ ውሃውን ይዞ ስለሚተን ቅሪት አይተውም። ከተቻለም በድምፅ ሞገድ በሚሠራ ማጠቢያ መሣሪያ ከክፍሎቹ ሥር ያለውን ቆሻሻ አስለቅቆ በማይክሮስኮፕ ይመረምረዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካፒታል የፋብሪካ ያህል አይደለም። ስክሪን ከመቀየር ባሻገር ቦርድ አጥቦ የሚመረምር ቤት ለሚከፍት ባለሀብት በየክረምቱ የሚመጣ ደንበኛ አለ።

“ውሃ አይፈራም” የሚለው ማስታወቂያ

ብዙ ገዢ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ስልኩ ውሃ እንደማይገባው ስለተነገረው ነው። አይፒ 67 የተባለው ደረጃ ስልኩ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። በአይፒ 68 ደግሞ ጥልቀቱን የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው። ፈተናው የሚደረገው አዲስ ስልክ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ማሸጊያው ከዕድሜ ጋር ይደክማል። ለስክሪን ቅያሪ አንዴ የተከፈተ ስልክም እንደ ፋብሪካው ካልታሸገ ደረጃው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። በከተማችን የሚዞረው ያገለገለ ስልክ ስንቱ ሳይከፈት እንደቆየ ነጋዴው ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሳምሰንግን የአውስትራሊያ ኩባንያ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቶታል። ምክንያቱ ኩባንያው ከ2016 እስከ 2018 ባሠራጫቸው ማስታወቂያዎች አንዳንድ የጋላክሲ ስልኮች በመዋኛ ገንዳና በባሕር ውሃ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ማሳየቱ ነው። ኩባንያው ራሱ እንዳመነው፣ ስልኮቹ እንዲህ ባለ ውሃ ከተነከሩ በኋላ እርጥብ እንዳሉ ቻርጅ ቢደረጉ የቻርጅ ቀዳዳቸው ዝጎ ሊበላሽ ይችል ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ውሃ አይፈራም የተባለውም ስልክ እርጥብ ሳለ ቻርጀር ይፈራል።

ዝምታ የሚያስከፍለው

የገበያው ትልቁ ጣጣ የሚጀምረው ስልኩ “ከዳነ” በኋላ ነው። ታጥቦ ይሁን ሩዝ ውስጥ ከርሞ የነቃው ስልክ ተወልውሎ ለደላላ ይሰጣል። ደላላው ስለ ውሃው አይጠይቅም፣ ሻጩም አይናገርም። ገዢው የስክሪኑን ጭረትና የባትሪውን አቅም ቢያይም ቦርዱን ሊያይ አይችልም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ ያሳየው ይህንኑ በሽታ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ደህናውን ያባርረዋል። ይህ ሐሳብ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋሪ አድርጎታል።

ለምሳሌ ያህል ውሃ ያልነካው ያገለገለ ስልክ 20,000 ብር፣ ውሃ የነካው ደግሞ 8,000 ብር ያወጣል እንበል። ገዢው ሁለቱን መለየት ካልቻለና ግማሽ በግማሽ ናቸው ብሎ ከገመተ ከ14,000 ብር በላይ አይከፍልም። የደህናው ስልክ ባለቤት 6,000 ብር አጥቶ ከሚሸጥ ለዘመዱ መስጠት ይመርጣል። ገበያው ላይ የሚቀረው ውሃ የነካው ይሆንና ዋጋው ወደ 8,000 ብር ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ ከሳሪው ታማኙ ሻጭ ብቻ አይደለም፤ ዕቃ የሚያጣው ነጋዴና ኮሚሽኑ የሚያንስበት ደላላም አብረው ይከስራሉ።

እውነቱን መናገር ያከስራል የሚሉ ነጋዴዎች አይጠፉም። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። አምስት ደህናና አምስት ውሃ የነካቸው ስልኮች ያሉት ሱቅ አደባልቆ እያንዳንዱን በ14,000 ብር ቢሸጥ 140,000 ብር ያገኛል። ለይቶ በ20,000ና በ8,000 ብር ቢሸጥም 140,000 ብር ነው። ድምሩ እኩል ነው። ልዩነቱ ለይቶ የሸጠው ነጋዴ ከወር በኋላ “ስልክህን ውሰድ፣ ገንዘቤን መልስ” የሚል ደንበኛ በሩ ላይ አለመቆሙና ደህና ስልክ ያለው ሁሉ ወደ እሱ መምጣቱ ነው።

ሕጉም ቢሆን የሚያደላው ለሚናገር ሻጭ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ይሁንና ገዢው ጉድለቱን በውሉ ጊዜ እያወቀ ከገዛ በዚያ ጉድለት ሻጩን መጠየቅ አይችልም። ስለሆነም “ውሃ ነክቶታል” የሚለው ቃል በጽሑፍ ሲሰፍር ሻጩን የሚያዋርድ ሳይሆን ከክስ የሚያድን ነው።

መፍትሔው አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። ጠጋኙ አንድ ገጽ ወረቀት ይስጥ፤ በላዩም *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር፣ የገባበት ፈሳሽ ዓይነት፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደተከፈተ፣ ቦርዱ መታጠብ አለመታጠቡና የተቀየረው ዕቃ ይጻፍ። ነጋዴው በዚህ ወረቀት መሠረት ሁለት ዋጋ ያውጣ፤ ውሃ ለነካውም የታወቀ የመመለሻ ጊዜ ይስጥ። ደላላው ኮሚሽኑን ከመቀበሉ በፊት ስለ ውሃ መጠየቅን ልማድ ያድርገው። ገዢው በበኩሉ በአይፎኖች የሲም ማስገቢያ ውስጥ ያለውን፣ ፈሳሽ ሲነካው ከነጭ ወደ ቀይ የሚለወጠውን ምልክት ይመልከት። ይህ ምልክት ግን ሊቀየር ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ወረቀት ግብር ያስከትላል የሚለው ፍርሃት ለብዙ ሱቆች እውነተኛ ነው። ነገር ግን ያለ ወረቀት የሚሸጥ ዕቃ በጥርጣሬ ዋጋ ይሸጣል፤ የጥርጣሬው ቅናሽ ደግሞ ነጋዴው በየሽያጩ የሚከፍለው፣ ደረሰኝ የሌለው ግብር ነው። ይህን ቀድሞ ያሰላ ሱቅ በመጪው ክረምት የሌሎቹን ደንበኛ ይወስዳል።