ያለ ደመወዝ መምራት

ይህ እትም በበጎ ፈቃደኞች ስለሚመሩ የኢንተርኔት ጨዋታ ማኅበረሰቦች አስተዳደር ነው። ላምዳሙ የተባለው በጽሑፍ የሚኖሩበት ምናባዊ ዓለም አስተዳዳሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. የማኅበራዊ ጉዳይ ውሳኔን ለተጫዋቾቹ ቢለቁም፣ በ1996 መልሰው ወሰዱት፤ ዓለሙ የሚሠራበትን ኮምፒውተር የማዘዝ ሥልጣን ከእጃቸው አልወጣም ነበርና። ስለዚህ ለተጫዋቾች ድምፅ መስጠት ብቻውን አስተዳደር አይሆንም። ይህን ለመረዳት ከፈረስ ቤት እስከ ቡሬ ያለ እድርተኛ አይቸገርም፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚለያዩት፣ ሒሳብም በአባላት ፊት የሚነገረው ለዚሁ ነው።

«በነጻ የሚያገለግልን ሰው ቁጥጥር ያሸሸዋል» የሚል ይኖራል። ሥጋቱ እውነት አለው፤ ደንብ ሲበዛ ማድከሙም አይቀርም። ነገር ግን የእድር ዳኛም አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ከመጠየቅ ግን አያመልጥም። እናንተም ቡድን የምትመሩ አንባቢዎች፣ የአስተዳዳሪነቱን መብት ከአንድ በላይ ሰው ይያዘው፤ የሹመቱ ዘመንም ጠብ ሳይነሳ ይጻፍ።