ሽንኩርት የገዛ ሁሉ ቀሪ ሒሳቡን ማሳየት አለበት?

ለቡ መብራት ኃይል፣ ማምሻውን። ከሥራ የሚመለስ ሰው ከታክሲ ወርዶ አትክልት ቤቱ ጋር ይቆማል። ሽንኩርትና ቲማቲም ይመዘንለታል፤ ሒሳቡን በቴሌብር ይልካል። ሻጯ ግን ስልኳ ቻርጅ ላይ ነው፤ ወይም መልእክቱ ዘግይቶባታል። «ወንድሜ፣ እስቲ መልእክቱን አሳየኝ» ትለዋለች። ስልኩን ያዞርላታል። ከኋላው ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችም አብረው ያነባሉ።

መልእክቱ ላይ የተከፈለው ገንዘብ፣ የተቀባይዋ ስምና የግብይቱ ቁጥር አለ። ከሥር ደግሞ ማንም ያልጠየቀው አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ቀሪ ሒሳብ። የመቶ ሃምሳ ብር ሽንኩርት የገዛው ሰው ደመወዝ እንደገባለት ወይም ኪሱ እንደነጠፈ ለሰፈሩ አስታውቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ የቴሌብር ብቻ ጠባይ አይደለም። የባንክ የጽሑፍ መልእክትም ክፍያን የሚያረጋግጠው ቀሪ ሒሳብን አያይዞ ነው።

የሻጯም ዕጣ የተሻለ አይደለም። የነጋዴ ኮድ ያላወጣ ትንሽ ሻጭ ገንዘብ የሚቀበለው በግል ስልክ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ካርቶን ላይ ተጽፎ ይሰቀላል። ጀበና ቡና የምታፈላ ወጣት ሴት በዚህ መንገድ ቁጥሯን ለመንገደኛ ሁሉ ትሰጣለች። የቡና ሒሳብ የላከ ሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ «እንዴት አመሸሽ?» ብሎ ቢደውልላት የሚያግደው ነገር የለም። ቁጥሯን እንዳትቀይር ደግሞ ደንበኛዋም፣ ገንዘቧም፣ ዘመዷም ያሉት በዚያው ቁጥር ላይ ነው።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፤ ገመና። የብር ኖት ገመና ይሸፍን ነበር። ከየት እንደመጣ፣ ኪስ ውስጥ ስንት ወንድሞች እንደቀሩት አይናገርም። ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ክፍያው ፈጠነ፤ ገመናው ተከተለው። «ያልፈለገ በጥሬ ገንዘብ ይክፈል» ማለትም ሁልጊዜ አያዋጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ የተደረገው ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

በዚህ ምክንያት ይመስላል አንዳንድ ወጣቶች መፍትሔውን ክሪፕቶ ውስጥ የሚፈልጉት። የቢትኮይን መዝገብ ለማንም ክፍት ስለሆነ አይበጃቸውም፤ የሚጠሩት ሞኔሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ይህ ገንዘብ ከፋዩንም፣ ተቀባዩንም፣ መጠኑንም ከተመልካች ይሰውራል። ችግሩ አድራሻው ነው፤ ዋናው አድራሻ 95 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት። ካርቶን ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ ረጅሙን አድራሻ በአጭር ስም የሚተኩ ዘዴዎች ተፈጠሩለት። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ንዑስ አድራሻ መስጠትም ይቻላል፤ አንዱ ደንበኛ የያዘው አድራሻ ከሌላው ጋር አይገናኝም።

ሐሳቡ ብልህ ነው። ለለቡ አትክልት ቤት ግን አይሆንም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሏል። ትልቁ የክሪፕቶ መገበያያ ባይናንስም እ.ኤ.አ. በ2024 ሞኔሮን ከዝርዝሩ አውጥቶታል። ከሁሉ በላይ፣ ሻጯ ነገ አትክልት ተራ ወርዳ የምታራግፈው ብር ነው። ዋጋው በአዳር የሚዋዥቅ፣ የምስጢር ቁልፉ ከጠፋ የሚመልሰው የሌለ ገንዘብ ለዕለት ጉርስ አይመከርም። ነገሩ የራሱ ምፀት አለው፦ አገሪቱ ለቢትኮይን አምራቾች ኤሌክትሪክ ትሸጣለች፤ ስሙ መብራት ኃይል በሆነ ሰፈር ግን በቢትኮይን ሽንኩርት አይገዛም።

መልሱ ባይመጥንም ጥያቄው ትክክል ነው። ከሞኔሮ ሰዎች ሁለት ነገር መውሰድ ይቻላል፤ ገንዘቡን ሳይሆን ሐሳቡን። አንደኛ፣ የክፍያ አድራሻ አጭርና ከግል ማንነት የተለየ ይሁን። ሁለተኛ፣ ክፍያ ከሚያስፈልገው በላይ አይናገር።

ይህን በራሳቸው ገንዘብ የሠሩ አገሮች አሉ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2020 ባስጀመረችው ፒክስ የተባለ የክፍያ ሥርዓት አንድ ሰው በስልክ ቁጥሩ ፋንታ በዘፈቀደ የተፈጠረ መለያ ሰጥቶ መቀበል ይችላል። የሕንዱ ዩፒአይም እንደ ኢሜይል አድራሻ ያለ አጭር መለያ ይጠቀማል። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ ሁለቱም በማዕከላዊ ባንክ ዓይን ሥር ናቸው።

«ስም ከተደበቀ አጭበርባሪ ይበዛል» የሚል ስጋት ይነሳል። ስጋቱ ባዶ አይደለም። ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም መታየቱ ብዙ ሰው ከስህተት አድኗል፤ እሱ ይቆይ። ባንኩም ደንበኛውን ይወቅ፤ ፍርድ ቤት ሲያዝም መዝገቡ ይከፈት። ነገር ግን ባንክ ማወቁና ተራ ጠባቂው ማወቁ አንድ አይደለም። ቀሪ ሒሳብን አትክልት ቤት ፊት ማስነበብ አንድም ሌባ አላስያዘም። ምናልባት ለሌባ መርቷል።

ሕጉም ከዚህ ወገን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተያዘለት ዓላማ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሠራበት ይፈልጋል። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቴሌብር ደግሞ መንገዱን ያውቀዋል፤ በማረጋገጫ መልእክቱ የስልክ ቁጥርን መሃል በኮከብ ይሸፍናል። ቁጥር መሸፈን ከተቻለ ቀሪ ሒሳብን ለብቻው በሌላ መልእክት መላክ፣ ወይም ደንበኛው ሲጠይቅ ብቻ ማሳየት እንዴት ያቅታል? ለትንሽ ሻጭስ ንግድ ፈቃድ ሳይጠየቅ፣ በስልክ ቁጥሩ ፋንታ የሚሰቅለው አጭር መለያ ቢሰጠው ማን ይጎዳል?

እስከዚያው ከፋይ የጽሑፍ መልእክቱን ሳይሆን መተግበሪያው ላይ የሚወጣውን የክፍያ ማረጋገጫ ገጽ ቢያሳይ ይሻለዋል። የነጋዴ ኮድ ማውጣት የምትችል ሻጭም ካርቶኑን ብታወርደው ቁጥሯን ታተርፋለች። ግን ይህ የዜጋ ዘዴ እንጂ መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው ያለው መልእክቱን በሚጽፉት ዘንድ ነው፤ ከመልእክቱ አንድ መስመር መሰረዝ አዲስ ገንዘብ ከመፍጠር ይቀላል።