ሕዝቡ ሙዚቃ አልጠላም፤ በር ላይ እየመለሱት ነው

የኮንሰርት አዘጋጆች የሚደጋግሟት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የእኛ ሰው ለሙዚቃ አይከፍልም።» ኮንሰርት ሲከስር ትባላለች። ድምፃዊ በተቀዳ ድምፅ ላይ አፉን ሲያንቀሳቅስ ሲያዝ ትባላለች። ባንድ ሲበተን፣ ክለብ ሲዘጋም እንዲሁ። ጥፋቱ ሁልጊዜ የአድማጩ ነው።

ይህ ውሸት ነው። ውሸትነቱን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአንድ አድማጭን የአንድ ወር ሒሳብ መመልከት ይበቃል።

ሰውየው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። መኪና የለውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሙዚቃ ይወዳል፤ የአንድን ዘፈን ሳክስፎን ማን እንደተጫወተው የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነው። ባለፈው ጥር በስልክ መስማቱን ትቶ በየሳምንቱ እየወጣ ሙዚቃን ከመድረክ ሊሰማ ቆረጠ። ጥር ለዚህ የተመቸ ወር ነው። ገና አልፎ፣ ጥምቀት መጥቶ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከተማው የሚደሰትበት ጊዜ ነው። ሥራውም ነውና ወጪውንና ሰዓቱን በደብተር መዘገበ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ትልቅ አዳራሽ ሄደ። የተራ ትኬት 1,500 ብር። ማስታወቂያው «በር የሚከፈተው 11 ሰዓት» ስለሚል በ11 ሰዓት ደረሰ። ዲጄ መጣ፤ ስፖንሰር ተመሰገነ። ዲጄ ተመለሰ፤ ስፖንሰር እንደገና ተመሰገነ። ፎቶው ፖስተሩን የሞላው ድምፃዊ መድረክ ላይ የታየው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 ነበር። አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ በቁም! ከመድረኩ ፊት የቪአይፒ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ባዶ ናቸው። ለመስማት የመጣው ሕዝብ ከብረት አጥሩ በስተኋላ ተፋፍጓል። ድምፃዊው 50 ደቂቃ ቆየ። በመሃል ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር ድምፁ ከስፒከሩ አልጠፋም። ከአጥሩ ኋላ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ፕሌይባክ ነበር። ከኋላው የቆመው ባንድ ለፎቶ ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቦሌ ካሉት ክለቦች ወደ አንዱ ገባ። መግቢያ 500 ብር፣ ግዴታ የሚታዘዝ መጠጥ 600 ብር። ባንዱ 2 ሰዓት ይጀምራል የተባለው 4 ሰዓት ተኩል ጀመረ። ሲጀምር ግን እውነተኛ ባንድ ነበር፤ በተለይ ኪቦርድ ተጫዋቹ። ሰውየው ቀረብ ብሎ ለመስማት ፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። ጠባቂው መጣ።

«ወንድም፣ ይሄ ሪዘርቭ ነው።»

«ማን ያዘው?»

«እሱን አላውቅም፤ ግን ሪዘርቭ ነው።»

ሰውየው ተነስቶ ሽንት ቤቱ አጠገብ ቆመ። እስኪወጣ ድረስ ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ሦስተኛው ሳምንት ትንሽ አዳራሽ ነው። ትኬቱ 300 ብር። 12 ሰዓት ይጀምራል ተብሎ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጀመረ። ማሲንቆ፣ ሳክስፎን፣ ቤዝ ጊታርና ከበሮ። ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተው ተማሪዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ስልክ አውጥቶ ያወራ የለም። ሲያልቅ ገና ማታ 1 ሰዓት ከ40 ነበር፤ በሚኒባስ ታክሲ ቤቱ ገባ። የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ 60 ብር።

አራተኛው ሳምንት አዝማሪ ቤት። ቦታው ጠባብ፣ መድረክ የሚባል ነገር የሌለበት። አዝማሪው ሰውየውን አየና ስለ መነጽሩ ገጠመለት፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። 300 ብር ሸለመ፤ ሲሸልም ደስ እያለው ነው።

የወሩ መጨረሻ የጓደኛው ሠርግ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የሚጫወተውን ባንድ ሲያይ ያ የቦሌው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ድምፃዊቷ ሦስት ሰዓት ያህል ያለምንም ፕሌይባክ ዘፈነች። በወሩ ውስጥ ከሰማው ሁሉ የበለጠው ሙዚቃ ይህ፣ ትኬት የሌለው ነበር። እረፍት ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹን ጠየቀው። «እዚህ ሰዓታችን ይታወቃል፣ ቀብዱ ቀድሞ ይከፈላል፣ ሰውም ይጨፍራል» አለው። «ክለብ ሲሆን ወጪ ይቀነስ በተባለ ቁጥር አንድ ሰው ከባንዱ ይወጣል። መጀመሪያ ነፋሾቹ፣ ቀጥሎ ከበሮ መቺው። ኪቦርዱ ሁሉንም ይሠራል ይሉሃል።»

እንግዲህ ደብተሩ ይከፈት። ሠርጉ ሳይቆጠር በአራቱ ምሽቶች 7,110 ብር ወጥቷል፤ ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ የደመወዙ ሲሶ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 2,860 ብሩ የሄደው ለትራንስፖርት ነው። ከመቶ አርባው መሆኑ ነው! ይህን ያህል ብር የወሰደው የሙዚቃው ጥራት አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። በ1 ሰዓት ተኩል የሚያልቅ ዝግጅት በታክሲ ያስመልሳል፤ እኩለ ሌሊት የሚያልቅ ግን በኮንትራት ወይም በአፕ በሚጠራ መኪና ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ከብሩ ይብሳል። ሰውየው 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጠብቆ የሰማው 6 ሰዓት ከ20 ነው፤ ያውም የፕሌይባኩ 50 ደቂቃ ተቆጥሮ።

አሁን «የእኛ ሰው አይከፍልም» የሚለው ይምጣና ይህን ሰው ይመልከት። ከፍሏል። ቆሟል። ጠብቋል። ከወንበር ተነስቷል። እንዲያም ሆኖ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሄዷል። ያልከፈለው ሌላው ወገን ነው፤ የተሸጠውን ነገር አላስረከበም።

አዘጋጆቹ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሁሉ ከንቱ አይደለም። የአዳራሽ ኪራይ ከባድ ነው። የድምፅ መሣሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ታዋቂ ድምፃዊ ክፍያውን ቀድሞ ይጠይቃል፤ እሱም ቢሆን አይፈረድበትም፤ ካሴትና ሲዲ ከሞቱ በኋላ እንጀራው መድረኩ ሆኗል። የመንግሥት ፈቃድም ሌላው ስጋት ነው። በነሐሴ 2009 መጨረሻ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም ምረቃ በሂልተን ሆቴል ሊካሄድ ሲል በፖሊስ መከልከሉን ሁሉም ያስታውሳል። ገንዘቡን እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የሚያፈስ ሰው ቢፈራ አይገርምም።

ነገር ግን ከእነዚህ ችግሮች መካከል ድምፃዊውን አምስት ሰዓት የሚያስዘገየው የትኛው ነው? ባዶ ጠረጴዛ ከሕዝቡና ከመድረኩ መሃል እንዲቆም የሚያስገድደውስ? የውጭ ምንዛሪ እጥረት ፕሌይባክ አያስከፍትም። ይህ የገንዘብ እጦት ሳይሆን የንቀት ጉዳይ ነው። አዘጋጁ አሥር ጠርሙስ የሚያዝዝ አንድ ጠረጴዛ ከመቶ አድማጭ ይበልጥብኛል ብሎ ወስኗል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። የጠርሙስ ደንበኛ ሌላ ክለብ ሲከፈት ወደዚያ ይሄዳል። አድማጭ ግን አንዴ ከተከፋ ቤቱ ይቀራል።

«ድሮም ቢሆን እንዲሁ ነበር» የሚሉ አሉ። አልነበረም። እርግጥ ሂልተን ድሮም የሱቅ ሠራተኛ መዝናኛ አልነበረም። ከሂልተን ውጭ ግን በ1927 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ነበረ፤ በ1948 የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነበረ። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ የተሻገረው በሕዝብ ፊት እየዘፈነ ነው እንጂ ለፖስተር ፎቶ እየተነሳ አይደለም። በደርግ ዘመን እንኳ፣ ያ ሁሉ ጭቆና ባለበት፣ የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ቡድኖች ለብዙ ወጣት የመጀመሪያ መድረክ ሆነዋል።

በዚያው ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ማታ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዶቹ እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ሰዓት እላፊ የለም። የካ አባዶ ለሚኖር ሰው ግን እኩለ ሌሊት ላይ ታክሲም የለም። ልዩነቱ፣ ያኔ በሩ የሚዘጋው አድማጩን ከውስጥ አስቀርቶ ነበር፤ አሁን ከውጭ አስቀርቶ ነው።

የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ሁሉንም ያሳጥረዋል። ባንዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለዝግጅት አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። የቀድሞ ሥራው እንደ አዲስ ታትሞ ሲወጣ የአውሮፓና የአሜሪካ መድረኮች ጠሩት። እዚያ ያለው አድማጭ፣ አማርኛ የማይሰማው ሁሉ ሳይቀር፣ ትኬት ቆርጦ ቃል የሌለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ጸጥ ብሎ ይሰማል። እዚህ ግን «በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ማን ይሰማል?» ይባላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

የሚሰማባቸው ቦታዎችም አንድ በአንድ እያለቁ ነው። በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝ አምባ አብሮ ተቃጠለ። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር ሲበተን፣ ፈንድቃም ከነባር ቦታው ተነሳ። ከተማ ይታደሳል፤ አስፋልት ይሰፋል፤ ይሁን። ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲነሳ «ልጆቹ የት ይማሩ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሙዚቃ ቤት ሲነሳ ግን «ወጣቱ የት ይጫወት?» ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን ማነው? ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚመረቅ ልጅ መሣሪያውን ክፍል ውስጥ ይማራል፤ ሰው ፊት መጫወትን ግን የሚማረው ሰው ፊት ብቻ ነው። ይህ ቦታ ከጠፋ ከአሥር ዓመት በኋላ ሠርግ ላይ እንኳ የሚጫወት ባንድ አይኖርም። የቀረን ኪቦርድና ፍላሽ ይሆናል።

የሚጠየቀው ነገር ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ ትኬቱ ላይ ዋናው ድምፃዊ የሚወጣበት ሰዓት ይጻፍ፤ ይከበር። አርባ ደቂቃ ማርፈድ ይቅርታ አለው፤ አምስት ሰዓት ግን ማታለል ነው።

ሁለተኛ፣ በፕሌይባክ የሚዘፍን ካለ ፖስተሩ ላይ ይነገር። ሥጋ ቤት የፍየሉን ሥጋ በግ ነው ብሎ ቢሸጥ ዝም የሚል ደንበኛ የለም።

ሦስተኛ፣ ጠረጴዛው ወደ ጎን፣ አድማጩ ወደ ፊት።

አራተኛ፣ ዝግጅቶች ከ12 እስከ 3 ሰዓት ይደረጉ። ያን ሦስተኛ ሳምንት የሞላው ትንሽ አዳራሽ ምስጢሩ ይኸው ነው፦ ርካሽ፣ በሰዓቱ፣ ታክሲ ሳይጠፋ።

አምስተኛው ለመንግሥት ነው። የወጣት ማዕከላቱና የቴአትር አዳራሾቹ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። በሳምንት አንድ ምሽት ለወጣት ባንድ በነፃ ቢከፈቱ የሚጎድል ነገር የለም። በልማት የተነሳ የሙዚቃ ቤትም እንደማንኛውም አገልግሎት ሰጪ ምትክ ቦታ ይታሰብለት።

አድማጩም የራሱ ድርሻ አለው። ፕሌይባክ ሲሰማ ያጨበጨበ ሰው ለሚቀጥለው ፕሌይባክ ከፍሏል። አምስት ሰዓት ቆሞ ዝም ያለ ሕዝብ በሚቀጥለው ስድስት ሰዓት ይቆማል። ገንዘቤን መልሱ ማለት ነውር አይደለም።

ሒሳብ ሠራተኛው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የየካቲትን ዕቅድ ጽፏል። ትልቁ አዳራሽ ተሰርዟል። የቦሌው ክለብ ተሰርዟል። ትንሹ አዳራሽ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። አዘጋጆቹ «ሰው አይመጣም» የሚሉት ይህን ሰው ነው። መጥቶ ነበር፤ እነሱ ግን እስከ 4 ሰዓት ከ40 አልመጡም።