የሐሰት ፊርማ ለማን መሸሸጊያ ነው?

ከኮለምበስ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በግሮቭ ሲቲ፣ በረዶ በሚጥልበት አንድ ምሽት፣ አንድ ወጣት የጥገኝነት ቅጹን ዘርግቶ ሲሞላ እኛ «ተማርን» የምንል ወገኖቹ ቡና እየጠጣን ከበነው ነበር። «ያልታሰርክበትን እስር ጨምርበት፤ ለባዕድ መንግሥት መዋሸት ነውር የለውም» የሚል ምክር ተሰጠው። እኔም ዝም አልሁ። ዝምታዬ ከምክሩ አይሻልም ነበርና ዛሬ መልሴን እጽፋለሁ።

የአሜሪካ ሕግ በመሐላ የሚሰጥን የሐሰት ምስክርነት እና ያለ መሐላ ለመንግሥት የሚሰጥን ሐሰተኛ ቃል ለይቶ ያያል፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን ሁለቱንም በመሠረቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣል። በጥገኝነት ቅጽ ላይ የሚሰፍረው ፊርማ በራሱ እንደ መሐላ ይቆጠራል። እያወቀ የፈጠራ ማመልከቻ ያቀረበ ሰውም ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል።

ነገር ግን ክርክሬ ከቅጣት ፍርሃት አይነሣም። ወገኖች፣ ይህን መሰል ቅጽ ከእኛ ሌላ እነማን ሞሉት?

በቀይ ሽብር ዘመን የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አትላንታ ገብቶ በሆቴል ሠራተኝነት ይኖር ነበር። ያሰቃያቸው ሦስት ሴቶች በፍትሐ ብሔር ከስሰው እ.ኤ.አ. በ1993 የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ አስፈረዱበት። እርሱ ግን በ1995 ታሪኩን ሸሽጎ ዜግነት አገኘ! ዜግነቱ የተገፈፈው በ2004 ነው፤ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ደግሞ በሌላ ሰው ስም በስደተኝነት ገብቶ ዴንቨር ተቀመጠ። በ2011 አንድ የቀድሞ እስረኛ ለየው፤ በ2014 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ልብ በሉ፤ ከፈለኝ እዚህ የተቀጣው በወረቀት ላይ ስለዋሸ እንጂ ስላፈሰሰው ደም አልነበረም። ይህ መራራ ሀቅ ነው። ሆኖም ያቺ ቀጭን ገመድ ገዳይን ልትይዝ የቻለችው የቀድሞ እስረኞች እውነተኛ ቃል ስላጠነከራት ነው። ያልታሰረው «ታሰርሁ» ባለ ቁጥር የታሰረው ቃል ይረክሳል። የፈጠራ እስር የምንደርስ እኛ፣ ነገ የገዳይ ጠበቃ «እነዚህ ሰዎች ታሪክ መፍጠር ልማዳቸው ነው» ሲል ምን እንመልሳለን?

«ሕጉ የፈራን ሰው ከገዳይ አይለይም» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ሕጉ ጨካኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እዚሁ ኦሃዮ ትኖር በነበረች የቦስኒያ ስደተኛ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 ሲወስን፣ ዜግነት ለማግኘት ድርሻ ያልነበረው ውሸት በወንጀል አስቀጥቶ ዜግነት አያስገፍፍም ብሏል። ይህ ፍርድ ለድርሰት ጸሐፊዎች ከለላ አይሆንም፤ የእነርሱ ውሸት የማመልከቻው መሠረት ነውና።

እንግዲህ የደረሰብንን፣ ያንኑ ብቻ እንጻፍ። አስተርጓሚ ያጣመመውን ቃል ከመፈረማችን በፊት እናቃና። ለሌላው የፈጠራ ታሪክ መድረስንም እንደ በጎ አድራጎት መቁጠር ይብቃን።

ያ ወጣት ያን ምሽት ቅጹን አጥፎ ወጣ። ምን እንደ ጻፈ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራ ግን ከምስክሮቹ ጎን እንገኝ!